በአንጾኪያ ማዕድ የተፈተነ ነጻነት



ስለ ክርስቲያን ነጻነት እንድናገር ስትጋብዙኝ ከየት ልጀምር ብዬ ብዙ አሰብኩ። ከትርጓሜ መጀመር ይቻል ነበር። እኔ ግን ከአንድ ገበታ መጀመር መረጥኩ፤ ምክንያቱም ይህ ነጻነት የተፈተነው በመምህራን ክርክር ብቻ ሳይሆን በምግብ ሰዓትም ነው።

ቦታው አንጾኪያ ነው፤ ዛሬ በደቡብ ቱርክ አንታክያ የምትባለው ከተማ። የኢየሱስ ተከታዮች ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩት እዚያ ነው። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ከአይሁድ የመጡና ከአሕዛብ የመጡ አማኞች አብረው ተቀምጠው ይበሉ ነበር። ለእኛ ይህ ምንም አያስደንቅም። ለዚያ ዘመን አይሁዳዊ ግን ካልተገረዘ ሰው ጋር በአንድ ገበታ መቅረብ ከልጅነቱ የተማረውን ሁሉ የሚያናጋ ነገር ነበር። ጴጥሮስ በዚያ ገበታ ይቀመጥ ነበር። በቂሣርያ፣ በመቶ አለቃው በቆርኔሌዎስ ቤት፣ መንፈስ ቅዱስ ባልተገረዙ ሰዎች ላይ ሲወርድ በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

ከዚያ የሆነውን ጳውሎስ በገላትያ መልእክት ሁለተኛ ምዕራፍ ይተርክልናል። ከኢየሩሳሌም፣ ከያዕቆብ ዘንድ፣ ሰዎች መጡ። ጴጥሮስም ቀስ በቀስ ከገበታው ራቀ። የቀሩት አይሁድ እሱን አይተው ተነሡ። በመጨረሻ በርናባስ እንኳ፣ ከጳውሎስ ጋር በየከተማው ዞሮ ለአሕዛብ ወንጌልን የሰበከው በርናባስ፣ አብሯቸው ተወሰደ።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ጴጥሮስ ትምህርቱን አልለወጠም። ተነሥቶ «ተገረዙ» ብሎ አልሰበከም። ያደረገው መቀመጫውን መቀየር ብቻ ነው። ለዚያም ምክንያቱ ፍርሃት እንደሆነ ጳውሎስ በግልጽ ጽፏል፤ የመጡትን ሰዎች ፈራ። እኛ ሕግ አጥባቂነትን ብዙ ጊዜ የምናስበው እንደ ተሳሳተ ትምህርት ነው። በአንጾኪያ ግን የገባው በትምህርት በር አይደለም። የገባው «እነ እገሌ ምን ይሉኛል» በሚለው በር ነው። በእኛም ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በር ይገባል።

ጳውሎስ ዝም ሊል ይችል ነበር። ጴጥሮስ በሐዋርያነት ይቀድመዋል፤ ጉዳዩም የምግብ ጉዳይ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን በሁሉ ፊት ተቃወመው። ለምን? በዚያች ቀን ብቻቸውን ገበታው ላይ የቀሩትን አሕዛብ ስላየ ነው ብዬ አምናለሁ። እነዚያ ሰዎች የጴጥሮስን ባዶ መቀመጫ እያዩ ምን ያስባሉ? ክርስቶስ ተቀብሎናል፤ ሐዋርያው ግን አልተቀበለንም፤ እንግዲህ የቀረን ነገር አለ ማለት ነው። ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ወደ ግርዛት ይሄዳሉ። ለዚህ ነው ጳውሎስ ወዲያው፣ በዚያው ንግግር ውስጥ፣ የመልእክቱን ዋና ቃል የሚያወጣው፤ ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚጸድቀው በኢየሱስ ክርስቶስ በማመን እንጂ የሕግን ሥራ በመፈጸም አይደለም። ይህ ትልቅ ዓረፍተ ነገር የተወለደው ከአንድ የገበታ ጥል ነው።

አሁን ወደ ገላትያ ሰዎች እንሂድ። በትንሿ እስያ ያሉ ሰዎች ናቸው። ጣዖት ሲያመልኩ ኖረው ጳውሎስ የተሰቀለውን ክርስቶስን ሲሰብክላቸው አመኑ። መንፈስ ቅዱስን ተቀበሉ። ከእሱ በኋላ ሌሎች አስተማሪዎች መጡ። እነዚህ አስተማሪዎች ክርስቶስን የካዱ አይደሉም፤ ይህን መዘንጋት የለብንም። ክርስቶስን ያምናሉ፣ ስሙን ይጠራሉ፣ በአምልኮም ሳይተጉ አይቀሩም። ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ክርስቶስ ጥሩ ነው፣ ግን ግርዛትን ጨምሩበት፣ ቀኖቹንና ወሮቹን ጠብቁ፣ ያኔ ትሞላላችሁ።

ጳውሎስ ይህን ሲሰማ የጻፈው ደብዳቤ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነው። ለሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ሲጽፍ ከሰላምታው ቀጥሎ እግዚአብሔርን ስለ እነሱ ያመሰግናል። ቅጥ ያጣችውን የቆሮንቶስን ቤተ ክርስቲያን እንኳ አመስግኖ ነው የጀመረው። ለገላትያ ግን ምስጋና የለም። ከሰላምታው ቀጥታ ወደ መገረም ይገባል፤ ሌላ ወንጌል የሚሰብክ ከሰማይ የወረደ መልአክ ቢሆን እንኳ የተረገመ ይሁን ይላል። በቆሮንቶስ ዝሙት ነበር፣ ክፍፍል ነበር፣ በጌታ እራት ላይ ስካር ነበር። የገላትያን ሰዎች ግን በዝሙት ወይም በስካር አልከሰሳቸውም። ታዲያ ጳውሎስን ይበልጥ ያስደነገጠው የቱ ነው? ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ፤ ግን ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አንብቧቸው።

በአራተኛው ምዕራፍ ከዚህም የሚከብድ ነገር ይናገራል። እነዚህ ሰዎች ከጣዖት አምልኮ የወጡ ናቸው። አሁን የያዙት ደግሞ የሙሴን ሕግ፣ እግዚአብሔር ራሱ የሰጠውን ሕግ ነው። ጳውሎስ ግን ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ነው ይላቸዋል። ሕጉ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሕጉ ለልጅ እንደ ተመደበ ሞግዚት ሆኖ ወደ ክርስቶስ እስኪያደርስ የተሰጠ ነው። መጽደቂያ ሲያደርጉት ግን ሰውየው እንደገና በራሱ እጅ ወደሚለካው፣ በፍርሃት ወደሚጠብቀው ሃይማኖት ይመለሳል። ሰርግ ተጠርቶ በልቶ ሲጨርስ የበላበትን ለመክፈል ኪሱን የሚዳብስ እንግዳ ደጋሹን ያከበረ ይመስለዋል፤ ደጋሹ ግን ያዝናል። የገላትያ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሌላም ምልክት አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳዝነው እሱ ነው። ጳውሎስ ያ ደስታችሁ የት ሄደ ብሎ ይጠይቃቸዋል። መጀመሪያ ሲያገኙት፣ ታሞ ሳለ፣ ቢቻላቸው ዓይናቸውን አውጥተው ሊሰጡት ይወዱ ነበር። አሁን እንደ ጠላት ያዩታል። በአምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ እርስ በርሳቸው እየተናከሱ መሆናቸውን እንረዳለን። ደስታ ይጠፋል፣ መናከስ ይመጣል። ሰው ጽድቁን በራሱ ልክ ሲቆጥር የግድ ከጎረቤቱ ጋር ያወዳድረዋል። ከጎረቤቱ ከበለጠ ይንቃል፣ ካነሰ ይቀናል። ቤተ ክርስቲያናችሁ በሕግ አጥባቂነት መያዝ አለመያዟን ማወቅ ከፈለጋችሁ የእምነት መግለጫዋን ከማንበብ ይልቅ ከአምልኮ በኋላ በሩ ላይ የሚወራውን አድምጡ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሊጠይቀኝ ይችላል። ጳውሎስ ራሱ ጢሞቴዎስን ገርዞት የለም ወይ? አዎ፣ ገርዞታል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ ተጽፏል። ጢሞቴዎስ የልስጥራ ሰው ነው፤ እናቱ አይሁዳዊት፣ አባቱ ግሪካዊ ነው። ከአሕዛብ የመጣውን ባልደረባውን ቲቶን ግን በኢየሩሳሌም ብዙ ግፊት ቢኖርም አላስገረዘውም፤ ለአንድ ሰዓት እንኳ አልተበገርንም ይላል። አንዱን ገረዘ፣ ሌላውን ከለከለ። ይህ ወላዋይነት ይመስላል፤ ለእኔ ግን የነጻነት ትርጉም ከዚህ የበለጠ የጠራበት ቦታ የለም። ጢሞቴዎስ የተገረዘው አይሁድ በሚኖሩበት ሁሉ ወንጌልን ይዞ እንዲገባ ነው። ቲቶ እንዲገረዝ የተፈለገው ግን ካልተገረዘ አልዳነም ስለ ተባለ ነው። ድርጊቱ አንድ ነው። ስለ ፍቅር ሲሆን ጳውሎስ እሺ አለ፤ የመዳን ቅድመ ሁኔታ ሲሆን እምቢ አለ። ነጻ የሆነ ሰው ሁለቱንም ማድረግ ይችላል።

በኢየሩሳሌም የተሰበሰበው ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ49 ገደማ፣ ይህንኑ ጥያቄ ነበር የመረመረው። በዚያ ጉባኤ ተነሥቶ፣ እኛም አባቶቻችንም ልንሸከመው ያልቻልነውን ቀንበር በአሕዛብ ጫንቃ ላይ ለምን እንጭናለን ብሎ የተሟገተው ማን ነው? ጴጥሮስ ነው። ሰው ሲወድቅ የምናስታውሰውን ያህል ሲቆምም እናስታውሰው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ይህ ክርክር ወደ እኛ የገባው በቅርብ ዘመን ከመጡ ሚስዮናውያን ጋር የሚመስላቸው አሉ፤ ስህተት ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 የነገሡ ንጉሥ ናቸው። በዘመናቸው ከአውሮፓ የመጡ ኢየሱሳውያን መነኮሳት የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን «እንደ አይሁድ ትገርዛላችሁ፣ ሰንበትን ትጠብቃላችሁ፣ የአሳማ ሥጋ አትበሉም» እያሉ ይከሷት ነበር። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1555 የእምነት መግለጫ ጽፈው መለሱ። ሰነዱ አጭር ነው፤ ግን እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ንጉሡ ጳውሎስን አንብበዋል። ግርዛት መዳኛ አለመሆኑን ሐዋርያው ማስተማሩን እንደሚያውቁ ይገልጻሉ። የእኛ ግርዛት ግን የአገር ልማድ ነው ይላሉ፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደሚበጡት፣ በህንድም ጆሮን እንደሚበሱት ያለ ነው። ቅዳሜንም እንደ አይሁድ ውኃ ሳንቀዳና እሳት ሳናነድ አናከብረውም፤ ቅዳሴ እየቀደስን፣ ማዕድ እያቀረብን ነው የምናከብረው ይላሉ። ስለ ምግብ ሲናገሩም የሚበላውን አንንቅም፣ የማይበላውንም አናስገድድም የሚል ሐሳብ ያቀርባሉ። ይህ የሮሜ መልእክት የ14ኛው ምዕራፍ መንፈስ ነው። ከአንድ ረጅምና አውዳሚ ጦርነት የወጣች አገር ንጉሥ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስና ለቲቶ የለየውን ልዩነት ለይተው ጻፉ፤ ልማድ ልማድ ነው፣ መዳኛ ግን አይደለም። የአፈጻጸሙን ጉዳይ፣ ሕዝቡ በልቡ እንዴት ይዞት እንደነበር፣ መከራከር ይቻላል። መለኪያው ግን ተቀምጧል።

ከዚያ 21 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1534፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በጀርመን አገር ወደ ዊተንበርግ ከተማ ሄዶ ነበር። ስሙ ሚካኤል ነው። ማርቲን ሉተርንና ባልደረባውን ፊልጶስ ሜላንክቶንን አግኝቶ ስለ እምነት ተነጋገሩ። ሉተር በወጣትነቱ በ1505 ኤርፈርት ገዳም የገባ፣ በጾምና በትጋሃ ሌሊት ራሱን ያደከመ፣ ስንት ጊዜ ተናዝዞም ኅሊናው ያላረፈለት መነኩሴ ነበር። ዕረፍት ያገኘው ጽድቅን እግዚአብሔር በእምነት የሚሰጠው መሆኑን በሮሜ መልእክት ሲረዳ ነው። በ1520 ስለ ክርስቲያን ነጻነት በጻፈው መጽሐፍ ሁለት ነገር አብሮ ያስተምራል። ክርስቲያን በእምነቱ ከሁሉ በላይ ነጻ ነው፤ በፍቅሩ ግን የሁሉ አገልጋይ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ሥርዓቱ ከእሱ ሥርዓት እጅግ የተለየውን ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ሲያገኝ ምን አለ? የሥርዓት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት አያፈርስም አለ፤ የድጋፍ ደብዳቤም ተሰጥቶት ተሸኘ። «ጸጋ፣ ጸጋ» እያልን የሌላውን ዜማና አለባበስ የምንጸየፍ ልጆቹ ይህን ታሪክ ብናውቀው ይበጀናል።

በዚህ ነገር ሁልጊዜ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። ያዕቆብ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው ብሎ የለም ወይ? ብሏል። ሁለቱም ሐዋርያት ምስክር የሚያደርጉት አብርሃምን ነው፤ የሚጠቅሱት ቀን ግን የተለያየ ነው። ጳውሎስ ይበልጥ የሚመለከተው ዘፍጥረት 15ን ነው። አብርሃም በዚያ ሌሊት ከዋክብትን አይቶ የተስፋውን ቃል አመነ፤ ይህም ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት። ይስሐቅ ገና አልተወለደም፣ ግርዛት ገና አልታዘዘም፣ የሙሴ ሕግ ደግሞ ከ430 ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው። ያዕቆብ አብርሃምን የሚያቆመው ዘፍጥረት 22 ላይ ነው፤ ይስሐቅ አድጎ፣ እንጨቱን ተሸክሞ ከአባቱ ጋር ወደ ተራራው ሲወጣ። በመጀመሪያው ቀን የተተከለው እምነት በሁለተኛው ቀን ፍሬ ሆኖ ታየ። ያዕቆብ የሚዋጋው አጋንንትም የሚያምኑትን ዓይነት እምነት ነው፤ ጭንቅላት ላይ ብቻ የቀረውን። ጳውሎስ የሚዋጋው ደግሞ ሥራን የመግቢያ ዋጋ ማድረግን ነው። በኤፌሶን ሁለተኛ ምዕራፍም በጸጋ መዳናችንን ከተናገረ በኋላ ወዲያው የተፈጠርነው ለመልካም ሥራ ነው ይላል። ተራውን አትገልብጡት። ሥራ ከመዳን ይወጣል፤ መዳን ከሥራ አይወጣም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ኑሮ እንግባ፤ እኔም የመጣሁት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ጸጋን ልቅነት ላደረጉት እናገራለሁ። በረቡዕና በዓርብ የጾመኛ ጎረቤቱ ደጃፍ ላይ ሥጋ እየጠበሰ «እኔ ነጻ ነኝ» የሚል ወንድም አለ። ወንድሜ፣ አንተ ነጻ አይደለህም። ጎረቤትህን ለማሸማቀቅ ሥጋ ካስፈለገህ የሥጋው ባሪያ ነህ። ጳውሎስ ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘላለም ሥጋ አልበላም ያለው በነጻነቱ ነው። ጎረቤትህ የሚጾመው ለእግዚአብሔር ብሎ ነው፤ ፍርዱንም ለጌታው ተውለት። ጾም የወንጌል ጠላት አይደለም፤ ጌታም ጾሟል። የወንጌል ጠላት ጾምን የመዳን ዋጋ ማድረግ ነው፤ አለመጾምን የመዳን ምልክት ማድረግም እንዲሁ።

ከዚያ ይበልጥ ግን የምፈራው እኛው በየአዳራሻችን የጻፍነውን፣ ይልቁንም ሳንጽፍ የምንፈርድበትን ሕግ ነው። በጸጋ ድናችኋል ብለን እንሰብካለን። ልጅቷ ሱሪ ለብሳ ስትመጣ ግን እናያታለን። ጉትቻዋን፣ የፀጉሯን ቀለም እናያለን። ወጣቱ በልሳን ካልጸለየ መዳኑን እንጠራጠራለን። የሌሊት ጸሎት የቀረውን «ቀዝቅዟል» እንላለን፤ በሁለት ሥራ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው መሆኑን ግን አንጠይቅም። አንዳችንም ይህ ሁሉ ያድናል ብለን አላስተማርንም። ጴጥሮስም አላስተማረም። መቀመጫችንን ብቻ ነው የለወጥነው፤ ልጆቻችንም ገብቷቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው በገንዘብ የመጣው ሕግ ነው። «ዘር ዝራ፣ ያን ጊዜ በሽታህ ይፈወሳል፣ ቪዛህ ይወጣል፣ ማኅፀንሽ ይከፈታል» የሚል ስብከት በየመድረኩ ተለምዷል። ይህ ጸጋ አይደለም። ከግርዛት ሰባኪዎቹም ይብሳል፤ እነሱ ቢያንስ እግዚአብሔር ለአብርሃም የሰጠውን ምልክት ነበር የሚጠይቁት። ይኼኛው በስጦታ ላይ ዋጋ ይለጥፋል፤ ዋጋውንም ከድሃዋ መበለት ቦርሳ ያስወጣል። ልጇ ሳይድን ሲቀር ደግሞ እምነትሽ አነሰ ይላታል። ገንዘቧንም እምነቷንም ይወስዳል። እናንተ ሽማግሌዎችና መጋቢዎች፣ ይህን በመድረካችሁ ላይ አታስተናግዱ፤ ማንም ይሁን፣ ምንም ያህል ሕዝብ ይሰብስብ።

የጸጋ ወንጌል ለማን እንደሚያስፈልግ ስጠየቅ በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩትን እህቶቻችንን አስባለሁ። ብዙዎቹ እሑድ የላቸውም። ከአሠሪዋ ቤት ያለ ፈቃድ የማትወጣ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን በስልኳ ደብቃ የምታነብ፣ ጾሙ መቼ እንደገባ እንኳ ያላወቀች እህት አለች። መዳኗ በመገኘት፣ በመቁጠር፣ በመክፈል የሚወሰን ከሆነ ለእሷ የሚሆን ወንጌል የለንም። ክርስቶስ በሥራው የጨረሰውን በእምነት የምትቀበል ከሆነ ግን ከማናችንም አንዲት ነገር አይጎድላትም። ካቴድራል ገብታ ከምታስቀድሰውም፣ አዳራሽ ገብታ ከምትዘምረውም እኩል ናት።

ወንድሞችና እህቶች፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። የገላትያ መልእክት ስድስት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ዛሬ ማታ ከቤታችሁ ሰዎች ጋር ከዳር እስከ ዳር አንብቡት። መሪዎች የሆናችሁ ደግሞ በስድስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ቆዩ። የወደቀውን በየዋህነት አቅኑት ይላል። በእናንተ ፍርድ ወይም በእናንተ ዓይን ምክንያት ከጉባኤያችሁ የወጣ ወጣት ካለ ስሙን ታውቃላችሁ። እሱ እስኪመጣ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ቤቱ ሂዱ፣ ይቅርታ ጠይቁት፣ አብራችሁት ብሉ።